አንድ የዴቢያን ኢሜጅ ለአማዞን፣ ለአዙርና ለጉግል ክላውድ እንዴት ይዘጋጃል?

ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር የሚነሳ ኢሜጅ (ሲስተሙ የተጫነበት ዲስክ ቅጂ) ክላውድ ላይ ሲጫን ድምፁን አጥፍቶ ከቀረ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የፋይሉ ዓይነት አይደለም። ዓይነቱን መቀየር የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። ኢሜጁ ከተሠራበት ማሽን ሌላ ስለማያውቅ ነው የሚቸገረው። የሚከተለው ሥራ በአብዛኛው ያንን ማሽን ማስረሳት ነው።

1. ዲስኩን መከፋፈል

በኪውኢሙ (ምናባዊ ማሽን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ልክ 10 ጊጋባይት የሆነ ሮው (ጥሬ፣ ያልተጨመቀ) ዲስክ ፍጠሩና ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ዴቢያን 12ን ጫኑበት። ጉግል ሽርፍራፊ የሌለው ጊጋባይት ይፈልጋል፤ አዙር ሙሉ ሜጋባይት ይበቃዋል። አከፋፈሉ በጂፒቲ (የዲስክ ክፍፍል ሠንጠረዥ) ይሁን፦ 1 ሜጋባይት ለባዮስ ቡት (ለአሮጌው የማሽን አነሳስ)፣ 200 ሜጋባይት ለኢኤፍአይ (ለአዲሱ፣ ለዩኢኤፍአይ)፣ የተረፈው ሲስተሙ ለሚቀመጥበት ሩት። ከሩት ኋላ ስዋፕም (የራም ማገዣ) ሆነ ሌላ ክፋይ አታስቀምጡ። ካስቀመጣችሁ ተጠቃሚው የ50 ጊጋባይት ዲስክ ቢከራይም ሩቱ ማደጊያ ቦታ አያገኝም።

2. ማስነሻው

ግሩብን (ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) አንዴ ለባዮስ፣ አንዴ ለዩኢኤፍአይ ጫኑ። ለዩኢኤፍአይ ስትጭኑ "ሪሙቨብል" የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፤ የማስነሻው መዝገብ ያለው ማሽኑ ላይ ስለሆነ ዲስኩን ተከትሎ አይሄድም። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሲሪያል ኮንሶል (የማሽኑን መልእክት በጽሑፍ የሚያሳይ መስመር) ላይ በ115200 ፍጥነት እንዲጽፍም አድርጉ። ይህን የዘለለ ሰው ቀጣዩ ደረጃ ላይ ሲሳሳት በጭፍን ነው የሚፈልገው።

3. ድራይቨሮቹ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ኪውኢሙ ላይ ዲስኩ ብዙውን ጊዜ በቨርትአይኦ (ለምናባዊ ማሽኖች የተሠራ ግንኙነት) ይመጣል። የአማዞን ናይትሮ (አዲሶቹ) ማሽኖች ደግሞ ኤንቪኤምኢ ዲስክና ኢኤንኤ የሚባል የኔትወርክ ካርድ አላቸው። አዙር በአብዛኛው የሃይፐርቪ (የማይክሮሶፍት ምናባዊ ማሽን) ድራይቨሮችን ይፈልጋል። የዴቢያን ከርነል ሁሉንም ይዟል፤ ግን የዲስኩ ድራይቨሮች ከሩት ቀድሞ በሚነሳው ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም፣ በኢኒትራምኤፍኤስ፣ ውስጥ ካልገቡ መኖራቸው ዋጋ የለውም። የኢኒትራምኤፍኤስን የቅንብር ፋይል ከፍታችሁ "ሞጁልስ" የሚለው "ሞስት" መሆኑን እዩ። "ዴፕ" ከሆነ የሚገባው የዚያው ማሽን ድራይቨር ብቻ ነው። የሬድሃት ቤተሰብ ላይ የሚመሳሰለው የድራከት (እዚያ ኢኒትራምኤፍኤስን የሚሠራው መሣሪያ) "ሆስትኦንሊ" ነው፤ አጥፉት።

ምልክቱ አያሳስትም። ሲሪያል ሎጉ ላይ ከርነሉ በደንብ ይነሳል፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ይላል፣ ከዚያ ሩት ዲስኩን ጠብቆ እንዳጣው ይጽፍና ቅንፍ ውስጥ "ኢኒትራምኤፍኤስ" ብሎ ይቆማል።

ኤፍስታብ (የትኛው ክፋይ የት እንደሚያያዝ የሚጻፍበት ፋይል) ውስጥም የዲስክ ስም አትጻፉ። እናንተ ዘንድ ቪዲኤ የነበረው ናይትሮ ላይ ኤንቪኤምኢ0ኤን1፣ አዙር ላይ ኤስዲኤ ሊባል ይችላል። ዩዩአይዲ (ከማሽን ማሽን የማይለወጥ የክፋይ መለያ) ጻፉ።

4. ክላውድ ኢኒትና ጽዳት

ማሽኑ መጀመሪያ ሲነሳ የሚያዘጋጀውን ክላውድ ኢኒትንና ሩቱን የሚያሳድገውን ግሮውፓርት ጫኑ። አዙር ማሽኑ "ተዘጋጅቻለሁ" እስኪለው ይጠብቃል። ይህን የሚያሳውቅለት ክላውድ ኢኒት ወይም የራሱ ኤጀንት ከሌለ፣ ማሽኑ ተነስቶ እየሠራም ጊዜው አልፏል ይላል።

በመጨረሻ አጽዱ፦ የክላውድ ኢኒትን ታሪክና ሎግ፣ የኤስኤስኤች የሰርቨር ቁልፎችን (ሰርቨሩ ከርቀት ለሚገባ ሰው ማንነቱን የሚያረጋግጥባቸውን)፣ የይለፍ ቃላችሁን። ማሽን አይዲን (የማሽኑን መለያ የያዘውን ፋይል) ግን ባዶ አድርጉት እንጂ ፋይሉን አታጥፉት። አይዲው ከቀረ አንድ ኔትወርክ ላይ ያሉ ሁለት ማሽኖች በአንድ አይፒ ሊጣሉ ይችላሉ፤ ቁልፎቹ ከቀሩ ደግሞ ከኢሜጁ የተነሱ ሰርቨሮች ሁሉ ማንነታቸውን በአንድ ቁልፍ ያረጋግጣሉ ማለት ነው፣ ኢሜጁን የያዘ ሰው ማንኛቸውንም መስሎ መቅረብ ይችላል። ካጸዳችሁ በኋላ ማሽኑን ዝጉት፤ መሞከር ካማራችሁ ቅጂውን አስነሱ።

5. መቀየርና መጫን

ለአማዞን ሮው ፋይሉን እንዳለ ኤስ3 (የአማዞን የፋይል ማከማቻ) ላይ ጫኑና እንደ ስናፕሾት (የዲስክ ቅጂ) አስገቡት። ኢሜጁን ስትመዘግቡ የኢኤንኤን ድጋፍ አብሩ።

አዙር የሚቀበለው መጠኑ ቋሚ የሆነ ቪኤችዲ ነው፤ ቪኤችዲኤክስ አይወስድም። በኪውኢሙ ስትቀይሩ "ፎርስ ሳይዝ" ካላላችሁ መሣሪያው በራሱ ስሌት መጠኑን ያዛባና ሙሉ ሜጋባይቱ ይበላሻል። የምትጭኑትም በፔጅ ብሎብ (የአዙር የፋይል ማከማቻ ዓይነት) ይሁን።

ጉግል ጋ ፋይሉ "ዲስክ ነጥብ ሮው" መባል አለበት፤ ሌላ ስም አይቀበልም። በአሮጌው የጂኤንዩ ታር ዓይነት አሽጉትና በጂዚፕ ጨምቁት።

በየክላውዱ ከ10 ጊጋባይት በሚበልጥ ዲስክ ሁለት ማሽን አስነሱ። ሩቱ አድጎ እንደሆነና የሁለቱ የኤስኤስኤች ቁልፍ እንደሚለያይ እዩ፣ ከዚያ ሪስታርት አድርጓቸው። ሁለተኛው መነሳት ላይ ብቻ የሚታይ የኔትወርክ ስህተት አለ።