ዲዛይነር ሲያገባ፦ የራስን የሰርግ ጥሪ ካርድ ከእጮኛ ጋር እንዴት መሥራት ይቻላል

ለሌሎች ሰዎች ሰርግ ስንት የጥሪ ካርድ እንደሠራሁ አላስታውስም። የራሴ ሲደርስ ግን እጄ ታሰረ። ለደንበኛ በሁለት ቀን የማስረክበውን ሥራ አንድ ወር ሙሉ ይዤው ተቀመጥኩ። ፎንት ቀየርኩ። ቀለም ቀየርኩ። ደግሞ መለስኩት። አንድ ማታ እጮኛዬ ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን ስታይ ቆየችና፣ «በጣም ያምራል። ግን እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እውነትም ካርዱ ላይ የነበረው የእኔ ሙያ ብቻ ነበር። ለሥራ ባልደረቦቼ የማሳየውን ዓይነት ነገር ነው የሠራሁት። ፋይሉን ዘጋሁትና ሁለታችን አብረን ከባዶ ጀመርን። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ያ ሁለተኛው ሙከራ ያስተማረኝን ነው። ዲዛይነር ለሆናችሁም፣ ዲዛይነር ልታገቡ ላላችሁም፣ ካርዳችሁን በራሳችሁ እጅ ለመሥራት ላሰባችሁም ይሆናል።

1. ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ አብራችሁ ተቀመጡ

ኢንተርኔት ላይ የሰርግ ካርድ አትፈልጉ። ቢያንስ ለመጀመሪያው ሳምንት ተዉት። አንዴ ካያችሁት ከዓይናችሁ አይጠፋም፣ የምትሠሩትም እሱኑ ይሆናል።

ይልቅ እያንዳንዳችሁ አምስት አምስት ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ፎቶ፣ የጉዞ ትኬት፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ምንም ይሁን። ግዴታው አንድ ብቻ ነው፦ ከሁለታችሁ ሕይወት የወጣ መሆን አለበት። ጠረጴዛ ላይ ደርድሩትና ስለ እያንዳንዱ አውሩ። ስለ ዲዛይን ሳይሆን ስለ ዕቃው።

እሷ ይዛ ከመጣችው መካከል አራት ቦታ የታጠፈች የደብተር ወረቀት ነበረች። ባለ ካሬ መስመር ናት። ከተዋወቅን በሦስተኛው ወር የጻፍኩላት አጭር መልእክት ነው። ታጥፋ የቆየችበት ቦታ ላይ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ሰማያዊዎቹ ካሬዎች ግን እንዳሉ ናቸው። እንዳስቀመጠቻት አላውቅም ነበር። የካርዳችን ዲዛይን እዚያው ላይ አለቀ። ከውስጥ ፈዛዛ ሰማያዊ ካሬ፣ ጽሑፉ በካሬዎቹ ልክ የተቀመጠ፣ ሌላ ምንም ጌጥ የሌለው።

ዲዛይነርና ትዳር ሲነሣ ሁሌም የማስበው ዊልያም ሞሪስን ነው። እንግሊዛዊው ዲዛይነር ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1859 ጄን በርደንን ሲያገባ፣ አርክቴክት ጓደኛው ፊሊፕ ዌብ «ቀዩ ቤት» የሚባለውን ቤት ነደፈላቸው። ውስጡን ያስጌጡት ራሳቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ነው። ጄንም ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ላይ አበባ ጠልፋለች። በ1861 ሞሪስና ጓደኞቹ የጌጣጌጥና የቤት ዕቃ ድርጅታቸውን ያቋቋሙት ከዚያ ሥራ ተነሥተው ነው። በእኔ ግምት ያን ቤት ልዩ ያደረገው ሙሽሪትም መርፌ መያዟ ነው።

2. ማን ምን እንደሚወስን ተስማሙ

ይሄ ደረጃ አጭር ነው፣ ግን ዝለሉትና ጠባችሁን ታያላችሁ። እኛ ቃላቱን ለእሷ፣ ቅርጹን ለእኔ ሰጠን። ለእያንዳንዳችን ደግሞ ያለ ክርክር «ይሄ አይሆንም» የማለት ሁለት ዕድል ያዝን። ምክንያት አይጠየቅም። ረቂቁ ከሦስት አይበልጥም፣ ማስተካከያው ከሁለት ዙር አያልፍም ብለን ጻፍንና ግድግዳ ላይ ለጠፍን። እጮኛ ደንበኛ አይደለችም፣ ረዳትም አይደለችም። ሥራው የሁለታችሁም ነው።

3. ጽሑፉን ጨርሱ

ዲዛይን ከጽሑፍ በፊት ሲሠራ ሁሌም ጉድ ይመጣል። ቦታውን ለሦስት መስመር አዘጋጅታችሁ አምስት መስመር ይመጣባችኋል። መጀመሪያ በተራ ወረቀት ላይ ጻፉት፦ የሁለታችሁ ስም፣ ዕለት፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ እንግዳው መምጣቱን የሚያሳውቅበት ስልክና የመጨረሻው ቀን።

ዕለቱንና ቀኑን ካሌንደር አውጥታችሁ አስተያዩ። እኛ ቅዳሜ ብለን የጻፍነው ቀን እሑድ ነበር። ሁለታችንም ስድስት ጊዜ አንብበነው አላየነውም። የያዘልን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ጓደኛዬ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡትና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። እናንተ ደግሞ ከታች ወደ ላይ፣ መስመር በመስመር አንብቡት። ዓይን የለመደውን ነገር ይዘላል፣ ቅደም ተከተሉ ሲዛባበት ግን ያስተውላል።

4. ከፖስታው ጀምሩ

ብዙ ሰው ካርዱን ይሠራና ፖስታ ፍለጋ ይወጣል። የሚገጥም አያገኝም፣ ወይ ልዩ ትእዛዝ ይሆንበታል። እናንተ ፖስታውን አስቀድማችሁ ያዙ። ኤ6 ካርድ 105 በ148 ሚሊ ሜትር ነው። ሲ6 ፖስታ ደግሞ 114 በ162 ነው። ልክክ ብለው ይገጥማሉ። ታጣፊ ካርድ ከፈለጋችሁ ኤ5 ወረቀት፣ ማለትም 148 በ210፣ ለሁለት ሲታጠፍ ኤ6 ይሆናል።

የዚህ የወረቀት መጠን ውበቱ ለሁለት ሲከፈል ቅርጹ አለመለወጡ ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሊችተንበርግ ይህን የርዝመትና የስፋት ምጣኔ እ.ኤ.አ. በ1786 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አንሥቶታል። ለሁለት ተከፍሎም መልኩን የማይለቅ ነገር ለሰርግ ካርድ መዋሉ ደስ ይለኛል።

5. ፊደልና ቀለም

ከሁለት ፎንት በላይ አትጠቀሙ። አንዱ ለስማችሁ፣ ሌላው ለቀረው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ የለውም፤ ስለዚህ ልዩነት የምትፈጥሩት በመጠን፣ በውፍረትና በባዶ ቦታ ነው። በተለይ በባዶ ቦታ። በመስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ለላቲን ፊደል ከምትሰጡት ትንሽ ሰፋ አድርጉት፣ የእኛ ፊደል ጥቅጥቅ ይላልና። አድራሻውና ሰዓቱ በፎንት መጠን ከ9 ነጥብ አይነስ። በዕድሜ የገፋ እንግዳ መነጽሩን ሳይፈልግ ቢያነበው እሱ ትልቅ አክብሮት ነው።

ቀለም ላይ የምትሳሳቱት እዚህ ነው። ስክሪን በብርሃን ያሳያል፣ ወረቀት ግን በቀለም። ስክሪኑ በአርጂቢ፣ ማለትም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ይሠራል፤ ማተሚያ ቤቱ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በውሃ ሰማያዊ፣ በደማቅ ሮዝ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም ያትማል። ደማቁ ብርቱካንና ደማቁ አረንጓዴ ከስክሪን ወደ ወረቀት ሲሻገሩ ይደበዝዛሉ። ወረቀቱ ሽፋን የሌለው፣ ሻካራ ከሆነ ደግሞ ቀለሙን ይጠጣል። የእኛ ፈዛዛ ሰማያዊ በመጀመሪያው ናሙና ላይ ግራጫ ሆኖ ወጣ። በሁለተኛው ላይ ከዲዛይኑ ጥቁሩንና ቀዩን ቀንሰን መለስነው።

ጥቃቅን ጽሑፍን በንጹሕ ጥቁር ብቻ አሳትሙ። ጥቁሩ ከአራት ቀለም ከተቀላቀለ፣ ማተሚያው ለፀጉር ያህል ሲዛነፍ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። ጥቁር መደብ ላይ በነጭ የተጻፈ ቀጭን ፊደልም ቀለሙ ሲሰፋ ይዘጋል። ወፍራም ፎንት ምረጡለት።

6. ናሙና በእጃችሁ ሥሩ

ቤት ባለው ማተሚያ አውጡት። በመቀስ ቁረጡት። አጥፉት። ፖስታ ውስጥ ክተቱት፣ መልሳችሁ አውጡት። ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው የቱ ነው? ስማችሁ ነው ወይስ ጀርባው? ስክሪን ላይ ይህ ጥያቄ ትዝም አይላችሁም። ናሙናውን ለአንድ ሰው ለአምስት ሴኮንድ አሳዩትና ደብቁት። «መቼ ነው? የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካልመለሰ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

7. ለማተሚያ ቤት አዘጋጁ

ምስል ካለ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይሁን። ለኤ6 ይህ 1240 በ1748 ፒክስል ነው። ቀለሙ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር አሳልፉት፣ ሲቆረጥ ነጭ መስመር እንዳይቀር። ጽሑፍ ደግሞ ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ይበል። ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ አካታችሁ በፒዲኤፍ ላኩ።

ወረቀት ልክ እንደ እንጨት የቃጫ አቅጣጫ አለው። ቀስ ብላችሁ በሁለቱም አቅጣጫ ጎበጥ አድርጉት፤ ቀለል ብሎ የሚታጠፈው ከቃጫው ጋር ነው። መታጠፊያውን በዚያ አቅጣጫ አድርጉት። በካሬ ሜትር 250 ወይም 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ከሆነ ከመታጠፉ በፊት የመታጠፊያው መስመር በማሽን ተጫን ተደርጎ ይሰመርለት። ያለዚያ መታጠፊያው ይሰነጠቅና ቀለሙ ይላጣል።

ብዛቱን በእንግዳ ሳይሆን በቤተሰብ ቁጠሩ። ለባልና ሚስት አንድ ካርድ ይበቃል። ከዚያ ላይ አሥር በመቶ ጨምሩ። ፖስታ ላይ ስም ስትጽፉ ማበላሸታችሁ አይቀርም። ሁሉም ከመታተሙ በፊት በትክክለኛው ወረቀት ላይ አንድ ናሙና አስወጡ፣ በቀን ብርሃንም እዩት።

8. ለስልክ የሚላከውን ለብቻ ሥሩ

የወረቀቱን ካርድ ፎቶ አንሥታችሁ አትላኩ። ለስልክ 1080 በ1920 ፒክስል ቁመቱ የረዘመ ገጽ ክፈቱና እንደገና ደርድሩት። ጽሑፉ ይተልቅ፣ መስመሩ አጭር ይሁን። የካርታውን ሊንክ ከምስሉ ጋር በጽሑፍ ላኩ፣ ምስል ውስጥ ያለ ሊንክ አይነካምና። ወረቀቱ ላይ ኪው አር ኮድ ካስገባችሁ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ጥቁሩን በነጭ መደብ ላይ አድርጉት፣ ዙሪያውንም ባዶ ተዉለት።

9. ስሞቹን በእጅ ጻፉ

ይህን ለማሽን አትስጡት። ለሁለት ማታ መሬት ላይ ተቀምጠን ጻፍን። እሷ ስሙን ትጽፋለች፣ እኔ አጥፌ እከታለሁ። በየስሙ ቆም ትላለች። «ይቺን ታውቃታለህ? ልጅ እያለን አንድ ዣንጥላ ይዘን ነበር ትምህርት ቤት የምንሄደው።» የማላውቃቸውን ዘመዶቿንና ጓደኞቿን ያወቅሁት ያኔ ነው። እሷም የእኔን። ቀለሙ እስኪደርቅ ፖስታዎቹን አትደራርቡ፤ ጄል እስክርቢቶ በቀላሉ ይዛመታል።

ከተረፉት ላይ ሁለት ካርድ ለራሳችሁ አስቀሩ። ብርሃን ቀለም ስለሚያደበዝዝ ሁለቱንም ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። አንዱን ጨለማና ደረቅ ቦታ፣ ሳይታጠፍ አስቀምጡት። የእኛ ከዚያች ባለ ካሬ የደብተር ወረቀት ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ነው። በላዩ ላይ አድራሻ አልጻፍንበትም።