ዊንዶውስ 11 ከታደሰ በኋላ የገመድ ኔትወርክ አልቀበል ሲል

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በመሥሪያ ቤት የምትጠቀሙበት ኮምፒውተር ወደ ዊንዶውስ 11 ስሪት 22ኤች2 ካደገ ወዲህ በ802.1ኤክስ (ማንነቱ የተረጋገጠውን ብቻ ወደ ኔትወርክ በሚያስገባ ደንብ) የሚጠበቀው የገመድ ኔትወርክ ማንነታችሁን አልቀበል ካለ፣ ገመዱንና ስዊቹን ከመነካካታችሁ በፊት «ሲስተም ኢንፎርሜሽን»ን ከፍታችሁ ክሬደንሻል ጋርድ (የመግቢያ ምስጢሮችን የሚጠብቅ የዊንዶውስ መከላከያ) እየሠራ መሆኑን ተመልከቱ። ይህ መከላከያ በኢንተርፕራይዝና በኤጁኬሽን እትሞች፣ መስፈርቱን በሚያሟሉ ኮምፒውተሮች ላይ፣ ሳይጠየቅ ስለሚበራ ኤምኤስ-ቻፕ ቪ2 (በይለፍ ቃል ማንነትን የሚያረጋግጥ ዘዴ) ወደ ዊንዶውስ የገባችሁበትን የይለፍ ቃል በራሱ ወስዶ እንዳይጠቀም ያግደዋል፤ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ግንኙነቱ የሚከሽፈው ለዚህ ነው። በኔትወርክ ካርዱ የ«ኦተንቲኬሽን» ገጽ ላይ (ገጹ ካልታየ በመጀመሪያ ዋየርድ ኦቶኮንፊግ የተባለውን አገልግሎት አስነሡ) የዊንዶውስን መግቢያ በራሱ እንዲጠቀም የሚያዘውን ምልክት አንሡና ስማችሁንና የይለፍ ቃላችሁን በእጃችሁ አስገቡ። ቅንብሩ ከማዕከል የሚወርድ ከሆነ ግን ባለሙያውን ጠይቁ። ክሬደንሻል ጋርድን ማጥፋት የይለፍ ቃልን ለሌባ ስለሚያጋልጥ ፈጽሞ አልመክርም፤ ዘላቂው መፍትሔ በይለፍ ቃል ፈንታ በዲጂታል ሰርተፊኬት ማንነትን ወደሚያረጋግጠው ኢኤፒ-ቲኤልኤስ መሸጋገር ነው።