አሜሪካ ውስጥ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) እናስተካክላለን ብሎ ብር ከወሰደባችሁ ካምፓኒ ጋር እንዴት ትከራከራላችሁ?

ስልኩ መደወል የሚጀምረው የቤት ክፍያ ሁለት ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ፖስታ ሳጥኑም በደብዳቤ ይሞላል። «ፎርክሎዠር (ቤቱ በዕዳ መወሰዱን) እናስቆማለን፣ ወለዱን እናስቀንሳለን፣ የመንግሥት ፕሮግራም አለ።» ቀጥሎ ክፍያ ይመጣል። መጀመሪያ 1,000 ዶላር፣ ከዚያ በየወሩ። አንዳንዴ ደዋዩ አማርኛ ይናገራል፣ እንደ ዘመድ ያጽናናል፣ ሰውም ያምናል።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖር ጓደኛዬ በሦስት ወር 3,200 ዶላር ከፈለች። ምንም ስላልተሠራላት ገንዘቤን መልሱ ብላ አራት ወር ሙሉ ተጨቃጨቀች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ከሞርጌጅ የሚመጣላትን ደብዳቤ አልከፈተችም፤ «አትክፈቺው፣ እኛ እናየዋለን» ብለዋት ነበር። አብረን ቁጭ ብለን ስንከፍተው የጎደለው ሁለት የደሞዝ ወረቀት ብቻ ነበር። እሱ ስላልተላከ ፋይሏ ተዘግቷል። ይህንን ስጽፍ አሁንም ያበሳጨኛል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩት። ቤቱ ይቅደም፣ ብሩ ይከተላል።

መጀመሪያ ሰርቪሰሩ ጋ ራሳችሁ ደውሉ

ሰርቪሰር ማለት ወርሃዊ ክፍያችሁን የምትልኩለት ድርጅት ነው። ቁጥሩ በየወሩ በሚመጣው ስቴትመንት ላይ አለ። ካምፓኒው በሰጣችሁ ቁጥር እንዳትደውሉ። ደውላችሁ የሎስ ሚቲጌሽን ክፍል (መክፈል ያቃተውን ሰው የሚረዳው) አገናኙኝ በሉ፣ ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ወር ወደኋላ ቀርቻለሁ? የሐራጅ ቀን ተቆርጧል ወይ? በስሜ የገባ የብድር ማስተካከያ ማመልከቻ አለ ወይ?

ለካምፓኒው በስማችሁ እንዲነጋገር ፈርማችሁ ከሰጣችሁ ያንን ፈቃድ እንደሰረዛችሁ በጽሑፍ ላኩ። ካልሰረዛችሁ ሰርቪሰሩ ከካምፓኒው ጋር ማውራቱን ሊቀጥል ይችላል።

በፌዴራል ደንብ፣ በአብዛኛው ክፍያው ከዘገየ 120 ቀን ሳያልፍ ፎርክሎዠር መጀመር አይቻልም። ሐራጁ ከመድረሱ ከ37 ቀን በላይ ቀድማችሁ የተሟላ ማመልከቻ ካስገባችሁ ደግሞ ሰርቪሰሩ በ30 ቀን ውስጥ አይቶ መልስ መስጠት አለበት፤ መልስ ሳይሰጥ ቤቱን ወደ ሐራጅ ማውጣት አይችልም። «የተሟላ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። አንድ ወረቀት ከጎደለ አልተሟላም፣ ጓደኛዬን የጎዳትም ይኼው ነው።

ማመልከቻውን ለመሙላት ማንም እንዲያስከፍላችሁ አትፍቀዱ። የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ ሃድ የሚባለው፣ ፈቃድ የሰጣቸው የሃውሲንግ ካውንስለሮች ፎርክሎዠር ላይ ያለን ሰው በነፃ ይረዳሉ። ስልካቸው 800-569-4287 ነው። 888-995-4673 ብትደውሉም ነፃ ካውንስለር ታገኛላችሁ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ገና ስልኩ እንደተነሳ አስተርጓሚ ጠይቁ። ማፈር የለም።

ከዚያ ብሩ መፍሰሱን አቁሙ

ካምፓኒው በየወሩ ከአካውንታችሁ የሚወስድ ከሆነ ባንካችሁ ሄዳችሁ ስቶፕ ፔይመንት አድርጉልኝ (ክፍያውን አግዱልኝ) በሉ። ቀጣዩ ክፍያ ከመወሰዱ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድማችሁ መሆን አለበት። በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው ቢል ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ድርጅት በጽሑፍ ዲስፒዩት አድርጉ (ክፍያውን ተቃወሙ)። ቃል የተገባው አገልግሎት አልተሰጠኝም ብላችሁ ጻፉ። በዜል ወይም በመኒ ኦርደር ከሆነ ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን ለባንኩ ሪፖርት አድርጉ፤ ያ ወረቀት በኋላ ማስረጃ ይሆናል።

ሞርጌጁን ራሱን በእኛ በኩል ክፈሉ ብለዋችሁ ልካችሁላቸው ከሆነ፣ ወይም የቤቱን ዲድ (የባለቤትነት ሰነድ) ፈርማችሁ ከሰጣችሁ፣ ነገሩ ከክፍያ ክርክር አልፏል። ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሙና ዛሬውኑ የሊጋል ኤይድ (የነፃ ሕግ እርዳታ) ጠበቃ ፈልጉ።

መብታችሁ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሞርጌጅ እናስተካክላለን የሚሉ ካምፓኒዎች ቀድመው ብር መቀበል በሕግ ተከልክለዋል። ደንቡን ያወጣው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነው፣ በ2010። የቅድሚያ ክፍያ ክልከላው ከጥር 31 ቀን 2011 ጀምሮ ይሠራል፤ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዛሬ ደንቡ ሬጉሌሽን ኦ ይባላል።

ደንቡ እንዲህ ይላል። ካምፓኒው ከሰርቪሰሩ የተጻፈ ቅናሽ ወይም ማስተካከያ ያመጣል። አዲሱ ከድሮው ብድር በምን እንደሚለይ የሚያሳይ የሰርቪሰሩን ጽሑፍም ያመጣል። እናንተ አይታችሁ ትቀበሉታላችሁ ወይም አልፈልግም ትላላችሁ። ከተቀበላችሁ ያኔ ብቻ ይከፈለዋል። ካልፈለጋችሁ ምንም አትከፍሉም። «ማመልከቻው ገብቷል፣ ሥራው ግማሽ ደርሷል» የሚባል ክፍያ የለም። ስሙን ቀይረው የፋይል መክፈቻ፣ የወረቀት ማዘጋጃ፣ የብድር ኦዲት ቢሉትም ያው ነው።

ከሰርቪሰራችሁ ጋር አትነጋገሩ ማለትም ክልክል ነው። መንግሥት ነን፣ የመንግሥት ፕሮግራም ነን ብሎ መዋሸትም እንደዚያው። በ2022 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የካሊፎርኒያ ግዛት አብረው የከሰሷቸው ካምፓኒዎች በወረርሽኙ ጊዜ የወጣውን የመንግሥት እርዳታ ስም ይዘው ነበር የሚቀርቡት።

«ገንዘቡ አይመለስም የሚል ውል ፈርሜያለሁ እኮ» ትሉ ይሆናል። ብትፈርሙም መብታችሁ አይቀርም። ደንቡ ከዚህ መብት ደንበኛውን በፊርማ ማስወጣትን ራሱን ጥፋት ያደርገዋል። ስለዚህ «ፈርመሻል» እያሉ ሲያስፈራሯችሁ አትደንግጡ።

ቀዳዳ ያለው በጠበቆች በኩል ነው። በግዛታችሁ ፈቃድ ያለው ጠበቃ፣ እውነተኛ የጥብቅና ሥራ እየሠራ ከሆነ፣ ቀድሞ መቀበል ይችላል፤ ግን ገንዘቡን በደንበኛ ትረስት አካውንት (ከራሱ ገንዘብ በተለየ የአደራ ሒሳብ) ማስቀመጥና ሲሠራ ብቻ ማውጣት አለበት። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2009 ባወጣችው ሕግ ለሎን ሞዲፊኬሽን (ለብድር ማስተካከያ) ጠበቃም ቀድሞ እንዳይቀበል ከልክላለች። ብዙዎቹ ካምፓኒዎች «ሎው ግሩፕ» (የጠበቆች ቡድን) ብለው ስም ይለጥፋሉ፣ ጠበቃውን ግን አንድም ቀን አታገኙትም። ስሙን ጠይቁና በግዛታችሁ የጠበቆች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። እውነተኛ ጠበቃ ሆኖ ካጠፋ ደግሞ ማኅበሩ ጋ ክሰሱት። ጠበቃ ገንዘባቸውን የበላባቸውን ደንበኞች የሚክስ ፈንድም በየግዛቱ አለ።

ማስረጃ ሰብስቡ

ውሉ፣ ደረሰኙ፣ የባንክ ስቴትመንቱ፣ ቴክስቱ በሙሉ ስክሪንሾት ይደረግ። በስልክ የተነገራችሁን ከነቀኑ በወረቀት ጻፉ፣ ማን ምን እንዳለ። የስልክ ንግግር ግን ከመቅዳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሜሪላንድና ካሊፎርኒያን በመሳሰሉ ግዛቶች የሌላው ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የምወደው ማስረጃ ግን ከሰርቪሰሩ የሚመጣው ነው። የመረጃ ጥያቄ የሚል ደብዳቤ ጻፉላቸው፦ «እገሌ የሚባል ካምፓኒ በስሜ ምን ወረቀት አስገባ? መቼ?» ስማችሁንና የብድር ቁጥራችሁን አትርሱ። ደብዳቤው የሚላከው ክፍያ ወደሚላክበት አድራሻ ሳይሆን ስቴትመንቱ ላይ ለጥያቄና ለስህተት ማመልከቻ ወደተጻፈው አድራሻ ነው። በ5 የሥራ ቀን ደርሶናል ይላሉ፣ በአብዛኛው በ30 የሥራ ቀን መልስ ይሰጣሉ። «ምንም አልገባም» የሚል አንድ መስመር ከመጣ ካምፓኒው ስንት ወር ሠራሁ ቢል የሚያምነው ዳኛ አይኖርም።

ገንዘቡን በደብዳቤ ጠይቁ

አጭር ይሁን። መቼ ስንት ከፈልኩ፣ ምን ተባልኩ፣ ከሰርቪሰሩ ያመጣችሁልኝና የተቀበልኩት የተጻፈ ማስተካከያ የለም፣ ስለዚህ በሬጉሌሽን ኦ መሠረት ክፍያው ሕገ ወጥ ነው፣ በ14 ቀን ውስጥ መልሱ። ስድብ አያስፈልግም። በሰርቲፋይድ ሜይል (መድረሱ በሚረጋገጥ ፖስታ) ላኩት፣ የመድረሻውን ካርድ አስቀምጡ፣ አንድ ኮፒ በኢሜይል ጨምሩ።

ግማሹን እንመልስ፣ ግን ማንም ጋ እንደማትከሱ ፈርሙ ሊሏችሁ ይችላል። እኔ ብሆን ለሰው ሳላሳይ አልፈርምም።

ካልመለሱ

ለግዛታችሁ አቶርኒ ጄኔራል (ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ) የሸማቾች ክፍል አመልክቱ። ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ሪፖርት አድርጉ፤ የእናንተን ጉዳይ ለብቻው አይዳኝም፣ ግን ብዙ ሰው ስለ አንድ ካምፓኒ ሲጽፍ ነው ክስ የሚመጣው። ሰርቪሰሩ ራሱ ለጥያቄያችሁ መልስ አልሰጥም ካላችሁ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ855-411-2372 አቤቱታ ይቀበላል።

ከዚያ ስሞል ክሌምስ (የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር) ፍርድ ቤት አለ። ያለ ጠበቃ የምትቀርቡበት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እስከ 5,000 ዶላር፣ ዲሲ እስከ 10,000፣ ካሊፎርኒያ ለግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር ድረስ ያያል። የሚያስቸግረው ካምፓኒው ሌላ ግዛት ሲሆንና አድራሻው ፖስታ ሳጥን ብቻ ሲሆን ነው፤ ክሱን የት እንደምታደርሱት ሳታውቁ መዝገብ አትክፈቱ። የካምፓኒውን ሕጋዊ ተወካይ ስምና አድራሻ ከተመዘገበበት ግዛት የንግድ መዝገብ ታገኙታላችሁ።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ማመልከቻዋን ከካውንስለር ጋር እንደገና አስገባች፣ ደብዳቤውንም ላከች። ከስድስት ወር በኋላ ስልኳ ጮኸ። «የተበላብሽን ገንዘብ እናስመልስልሻለን፣ 300 ዶላር ብቻ ክፈይ» አላት አንድ ሰው። እንዲህ ዓይነት ስልክ ለእናንተም ይመጣል፣ ስም ዝርዝሩን ይሸጣጣሉና። ገንዘብ ለማስመለስ ቅድሚያ የሚጠይቅም ያው ሌባ ነው። ቁጥሩን ጻፈችና አቶርኒ ጄኔራል ጋ ያለው ፋይሏ ላይ አስጨመረችው።