የተሞላ ቦረቦር ከፍታው ሲወርድ፦ የልኬት ችግርና መፍትሄ

በሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር ላይ ወይም ወደ ጀማ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ያለ ቦረቦር በአሸዋና በአፈር ተሞልቶ ግርጌው በድንጋይ ክትር ከታሰረ በኋላ፣ ሙሌቱ መጽናት አለመጽናቱ የሚታወቀው በላዩና በዙሪያው በተተከሉ የፌሮ ካስማዎች ላይ የአፈሩን ከፍታ በየወቅቱ በመለካት ነው። ልኬቱ ከተሳሳተ ግን ጫናው የሚያርፈው በገበሬው ላይ ነው። 200 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ሙሌት ላይ የ1 ሴንቲ ሜትር ስህተት 2 ሜትር ኩብ አፈር ነው፤ አንድ አህያ 50 ኪሎ ይጫናል ቢባል ይህ 50 ያህል ጭነት ይሆናል። ስለዚህ «አፈሩ ታጥቧል፣ ይጨመር» ብሎ ከመወሰን በፊት ምልክቱን መመርመር ይገባል።

ምልክት፦ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ሙሌቱ በሁሉም ካስማዎች ላይ ወርዷል፤ ጎርፍ የቦረቦረው መስመር ግን አይታይም።
ምክንያት፦ አዲስ የተደፋ አፈር በዝናብና በራሱ ክብደት ይጠቀጠቃል፤ ስለዚህ የወረደው ከፍታው እንጂ መጠኑ ላይሆን ይችላል።
መፍትሄ፦ ይዘቱ 1 ሊትር የሆነ ጣሳ በተለያየ ጥልቀት አፈሩ ውስጥ እየሰኩ ናሙና ማውጣት፣ ናሙናውን ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ በምጣድ ማድረቅና መመዘን፣ ይህንንም ሙሌቱ በተሠራበት ሳምንትና ከክረምት በኋላ በአንድ ዓይነት መንገድ ማድረግ ነው። ለምሳሌ በፊት 100 ሴንቲ ሜትር የነበረው ሙሌት 88 ቢሆን፣ የጣሳው አፈር ደግሞ ከ1.10 ወደ 1.25 ኪሎ ቢጨምር፣ ሁለቱም ሲባዙ 110 ስለሚሰጡ ምንም አፈር አልጠፋም ማለት ነው። ይህን ሳይመዝኑ አፈር መጨመር የሰው ጉልበት ማባከን እንደሆነ አጥብቄ አምናለሁ።

ምልክት፦ የሙሌቱ ራስጌ ወርዶ ግርጌው ከፍ ብሏል።
ምክንያት፦ አሸዋው ለራሱ የሚስማማውን ተዳፋት እየያዘ ነው። በባሕር ዳርቻ ላይ የተጨመረ አሸዋም እንዲሁ ማዕበል ስቦ ከውኃው በታች ሲያነጥፈው፣ ደረቁን ዳርቻ ብቻ የሚለካ ሰው አሸዋው የጠፋ ይመስለዋል።
መፍትሄ፦ የልኬቱን መስመር ከቦረቦሩ ራስ በላይ ካለው ያልተነካ መሬት ጀምሮ ከክትሩ በታች ድረስ ማስረዘም፣ ከዚያም የወረደውንና የተከማቸውን በአንድነት ማስላት ነው።

ምልክት፦ ባልተነካ መሬት ላይ ያሉት ካስማዎች ጭምር እኩል ተለውጠዋል።
ምክንያት፦ ከፍታው የሚነጻጸርበት መነሻ ነጥብ ተንቀሳቅሷል፣ ወይም የውኃ ልኩ (የሁለት ቦታ ከፍታ የሚነጻጸርበት ውኃ የተሞላ ቱቦ) ውስጥ አየር ገብቷል።
መፍትሄ፦ መነሻውን በቋሚ ዓለት ላይ በቀለም ማድረግ፣ ቱቦውን ከአንድ ጫፍ ቀስ ብሎ መሙላት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ሁለቱን ጫፎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ውኃው እኩል መቆሙን ማየት ነው።

ምልክት፦ የአፈሩ ከፍታ ንባብ በሐምሌ ከፍ፣ በጥር ዝቅ ይላል።
ምክንያት፦ ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይኮማተራል።
መፍትሄ፦ ጥርን ከጥር፣ ሐምሌን ከሐምሌ ጋር ብቻ ማነጻጸር ነው። ስንጥቁ ከግማሽ ሜትር በላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ አጭር ካስማ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ የካስማው ፌሮ ከስንጥቁ በታች ጠልቆ መተከል አለበት።

አንድ ካስማ ብቻውን ከተለየ፣ ብዙውን ጊዜ ውኃ ሥሩን ቆፍሮታል ወይም ከብት ታክኮበታል፤ ከካስማው በላይና በታች በኩል ለክቶ አማካዩን መውሰድ፣ ከተነቃነቀም ያንን ንባብ መተው ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶም ከፍታው ከወረደና የጎርፍ መስመር ከታየ፣ እጥበቱ እውነተኛ ነው። በደብረ ሲና አቅራቢያ ባለው የአንዲት ጥድ የምርምር ጣቢያ ከተፋሰሱ መውጫ የሚሄደው ደለል ከወንዙ ውኃ ጋር እንደተለካ ሁሉ፣ እዚህም በጎርፍ ጊዜ ከክትሩ በታች ድፍርሱን ውኃ በጠርሙስ ቀድቶ አዝቅጦ ማየት ያረጋግጠዋል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚሠራው ከላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈርና የክትሩን የውኃ ማሳለፊያ ማስፋት ነው፤ አፈሩ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።