እርጥብ እንጨት ሳህን እንዳይሰነጠቅባችሁ

ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ ማሽን) ላይ የእንጨት ሳህን መስራት ለጀመራችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እርጥብ ዋንዛ ስታገኙ በዛው ቀን ጨርሳችሁ ቫርኒሽ አትቀቡት፣ ሲደርቅ ክቡ ሞላላ ይሆንባችኋል። ሁለት ጊዜ ነው የሚሰራው። መጀመሪያ ወፈር አድርጉት፣ ስፋቱ 20 ሳንቲም ከሆነ ውፍረቱ 2 ሳንቲም ገደማ ይሁን፣ ከዛ ከቀጠነ ሲጣመም ለማስተካከል የሚላጥ ነገር አይተርፍም፣ ከመጠን በላይ ከወፈረ ደግሞ ውጪው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ይተረተራል። የግንዱን እምብርት ከመጀመሪያው አውጡት፣ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከሱ ነው የሚነሳው።

ከዛ ሰም! እንጨቱ በአግድም የተቆረጠበት ጎን ላይ ጣታችሁን ብታሳርፉ ሻካራ ነው፣ ውሃ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አፋቸው እዛ ነው የሚከፈተው፣ እርጥበቱም ከሌላው ጎን በብዙ እጥፍ ፈጥኖ የሚያመልጠው በዛ በኩል ነው። እሱን ጎን የቀለጠ ሰም ቀቡት (ሰሙን ግን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት፣ ጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ ላይ አቅልጡት እባካችሁ)።

ከራሱ ሰጋቱራ ጋር ካርቶን ውስጥ ከታችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡት። እኔ አንድ የሚያምር የወይራ ሳህን በረንዳ ላይ ፀሐይ መትቶት በማግስቱ ከአፉ እስከ ስሩ ተሰንጥቆ አገኘሁት፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

መድረቁን በግምት አትወስኑ፣ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝናችሁ ቀኑንና ክብደቱን ከስሩ በእርሳስ ጻፉበት፣ ክብደቱ ሦስት ሳምንት ያህል ካልቀነሰ መልሳችሁ ቶርኖ ላይ አውጡትና ጨርሱት።