ከዓመታት በኋላ ወደ ትራክ ስራ (ለመኪና ውድድር ጌም መንገድ ወደ መስራት) ስትመለሱ እንዴት እንደምትጀምሩ (የዓባይ በረሃን መንገድ ለአሴቶ ኮርሳ)

የድሮ ሃርድ ዲስካችሁን ፈልጉና አውጡ፣ ግን ያቺን ግማሽ ላይ ጥላችኋት የሄዳችሁትን ትራክ ለመጨረስ እንዳትቀመጡ። እኔ ስመለስ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ሳምንታት የበላብኝ እሱ ነው፣ ከስምንት ዓመት በፊት ምን አስቤ እንደሰራሁት የማላስታውሰውን ነገር ስጠጋግን፣ አንዱን ስነካው ሌላው ሲፈርስ። ከዛ ዘጋሁትና ሁለት ኪሎሜትር ብቻ የሆነች አዲስ መንገድ ጀመርኩ፣ በአራተኛው ቀን እየነዳኋት ነበር። ከታች የምጽፈው እሱን ነው፣ በቅደም ተከተል።

ጌሙ አሴቶ ኮርሳ ነው፣ የጣሊያኖቹ ኩኖስ ስራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ሙሉው የወጣው። አዲሱ ኢቮ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ገና እየተሰራ እያለ መሸጥ ጀምሯል፣ ግን ለተመላሽ ሰው አሮጌውን ነው የምመክረው ምክንያቱም ትራክ መስሪያው ኤዲተር ከጌሙ ጋር አብሮ ይመጣል፣ መካከለኛ ኮምፒውተር ላይ ይሰራል፣ ሲቸግራችሁም ከፍታችሁ የምታዩት የሰው ትራክ ሞልቷል። የመረጥኩት መንገድ ደግሞ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሄዱ ዓባይ በረሃ ውስጥ የሚወርደው ነው። ሙሉው 40 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ቁልቁለቱም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሙሉውን አትንኩት። ጥቅጥቅ ያሉ ጥምዝምዞች ያሉበት ሁለት ኪሎሜትር ቁረጡ፣ በቃ።

ደረጃ 1፦ ከድሮው ፋይል ምን ይተርፋል

አሮጌውን ፎልደር መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ፣ ኦሪጅናሉ ላይ በአዲስ ቨርዥን ሴቭ እንዳታደርጉ። የድሮ የብሌንደር (የ3ዲ ቅርጽ መስሪያ ፕሮግራሙ) ፋይል በአዲሱ ብሌንደር ይከፈታል፣ ቅርጹና ዩቪው (ፎቶ ቅርጹ ላይ የሚለጠፍበት ልክ) ይመጣል፣ ግን በድሮው ኢንተርናል ሬንደር የተሰራ ማቴሪያል ከቨርዥን 2.80 ጀምሮ ስለማይሰራ ያንን እርሱት። ከኔ ውስጥ በጣም የጠቀመኝ ራሴ ያነሳኋቸው የአስፋልትና የድንጋይ ፎቶዎች፣ የመንገድ ዳር ምልክቶች፣ ጥቂት የአጥርና የዛፍ ሞዴሎች ናቸው። መንገዱን ራሱን አልተጠቀምኩበትም፣ ከባዶ መስራት ይፈጥናል።

ደረጃ 2፦ እጃችሁን አፍታቱ

ለዚህ አንድ ማታ ስጡት፣ ትራክ ሳትነኩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሌንደር 2.80 ሲወጣ ብዙ ነገር ተቀይሯል፣ ድሮ በቀኝ ክሊክ ነበር የምንመርጠው አሁን በግራ ነው፣ ስፔስ ስትጫኑ ይወጣ የነበረው መፈለጊያ ኤፍ 3 ላይ ሄዷል፣ ስፔስ አሁን አኒሜሽን ያጫውታል፣ እነዛ ትናንሽ ሳጥን ሳጥን የሆኑት ሌየሮች ጠፍተው ኮሌክሽን መጥቷል። ቀኝ ክሊኩን ከፕሪፈረንስ መመለስ ትችላላችሁ፣ ግን አትመልሱት፣ ትምህርቱ ሁሉ በአዲሱ ስለሆነ ኋላ ትቸገራላችሁ። አንድ ኩርባ መንገድ ሰርታችሁ፣ ቴክስቸር (ላዩ ላይ የሚለጠፍ ፎቶ) አልብሳችሁ፣ አጥፉት። ነገ ደግሞ አንዴ። ጣት ያስታውሳል።

ሌላ የሚያስፈልገው ኮንተንት ማኔጀር (ጌሙን የሚያስነሳ ፕሮግራም) እና ከስተም ሻደርስ ፓች (የጌሙን እይታ የሚያሻሽል ተጨማሪ)፣ ለፎቶ ስራ ደግሞ ጂምፕ ነው። ኤዲተሩ ኬኤስ ኤዲተር ይባላል፣ ጌሙ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ ኤስዲኬ የሚል አለ፣ እዛ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ተራራውን ማምጣት

እኛ ስንጀምር ተራራውን በአይናችን ግምት ነበር የምንቀርጸው። አሁን ብሌንደር ጂአይኤስ የሚባል አድኦን አለ፣ ካርታ ላይ ቦታውን ትመርጣላችሁ፣ የመሬቱን ከፍታ አውርዶ ሜሽ (በነጥብ የተያያዘ የ3ዲ ቅርጽ) ያደርግላችኋል (ኦፕን ቶፖግራፊ ላይ ተመዝግባችሁ ነጻ ቁልፍ ማውጣት አለባችሁ)። መረጃው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር መንኮራኩር በራዳር የለካችው ነው፣ በየ30 ሜትሩ አንድ ነጥብ የሚሰጠው ጥራት ለአፍሪካ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

30 ሜትር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ልብ በሉ። መንገዱ ራሱ ስፋቱ 7 ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ በሁለት ነጥብ መሃል መንገዱ፣ ቦዩ፣ የተቆረጠው ገደል ሁሉ ይገባል፣ መረጃው አንዱንም አያየውም። እንደ ዓባይ ባለ ገደላማ ቦታ ላይ ደግሞ ከፍታው በብዙ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ተመላሽ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ የሚሳሳተው መንገዱን መሬቱ ላይ ስለሚለጥፈው ነው። ለጠፋችሁት ማለት መንገዱ እንደ ማዕበል ይሆናል፣ መኪናው በየ30 ሜትሩ ይዘላል።

መንገዱ ነው የሚያዘው፣ መሬቱ ይከተላል። ድሮም እንደዛ ነው፣ መሐንዲሶቹ ተራራውን ቆርጠው ነው ያስገቡት፣ እኛም እንደዛ ነው የምናደርገው።

ደረጃ 4፦ መንገዱ (ጊዜያችሁን እዚህ ጨርሱት)

ከላይ ከሳተላይት ፎቶው ላይ የመንገዱን መሃል በቤዚየር ከርቭ (በጥቂት ነጥብ የሚጎብጥ መስመር) ተከተሉ። ነጥብ አታብዙ፣ ለአንድ ጥምዝ ሶስት ይበቃል፣ ሲበዛ መሪው ውስጥ መንቀጥቀጥ ሆኖ ይሰማችኋል። ከዛ ከፍታውን ለብቻው። በየ200 ሜትሩ የመሬቱን ከፍታ አንብባችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ የጎን መስመር ሳሉበት፣ የሚዘሉትን ነጥቦች ሰርዛችሁ በእጅ አለስልሱት። ሂሳቡም ይናገራል፣ የመረጥኩት ሁለት ኪሎሜትር 120 ሜትር ይወርዳል፣ ያ 6 በመቶ ነው፣ ለተራራ መንገድ ልክ ነው። 15 በመቶ ከመጣባችሁ መጀመሪያ መረጃውን ተጠራጠሩ እንጂ መንገዱን አይደለም፣ የጭነት መኪና እንደዛ ያለ ቁልቁለት ይከብደዋል።

ከርቩ ሲያልቅ ሁለት ሜትር ርዝመት ያላት አንዲት የመንገድ ቁራጭ ስሩ፣ አስፋልት፣ ትከሻ፣ የቦይ ጠርዝ ያላት፣ በአሬይና በከርቭ ሞዲፋየር (ቁራጩን የሚደጋግምና መስመሩን ተከትሎ የሚያጎብጥ መሳሪያ) አስረዝሟት። አስፋልቱን ጠፍጣፋ አታድርጉት፣ እውነተኛ መንገድ ውሃ እንዲወርድለት ከመሃል ወደ ዳር 2.5 በመቶ ያህል ያዘነብላል። በዓይን አይታይም፣ ስትነዱ ግን መኪናዋ ቀስ እያለች ወደ ዳር ስትሳብ ይሰማችኋል፣ አንድ ሰው መንገዱ እውነት ነው ብሎ የሚያምነው በዛ ነው። በጥምዙ ላይ ደግሞ ነጥቡን መርጣችሁ ኮንትሮልና ቲ በመጫን ወደ ውስጥ አዘንብሉት።

የዓባይ በረሃ መንገድ ሌላም ነገር አለው። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ቦታ ቦታ ላይ ይሰምጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከባድ መኪናዎች ደግሞ ጎማቸው የሚሄድበትን ያጎደጉዱታል። በዛ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ሞዲፋየሩን አፕላይ ካደረጋችሁ በኋላ ሶስት አራት ቦታ ላይ የተወሰኑ ነጥቦችን አምስት ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጉ፣ በተለይ ብሬክ የሚያዝበት ጋ። ሁሉም ቦታ ላይ አትበትኑት።

አሁን መሬቱን ወደ መንገዱ አምጡት። የመንገዱን ኮፒ ውሰዱ፣ 12 ሜትር አስፉት፣ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጉት፣ ከዛ በመንገዱ አጠገብ ያሉትን የመሬት ነጥቦች ብቻ በሽሪንክራፕ ሞዲፋየር ቁልቁልና ሽቅብ እያያችሁ ኮፒው ላይ አሳርፏቸው። ቀጥሎ ያለውን ዙሪያ ስሙዝ አድርጉ። የተቆረጠው ገደል በአንድ በኩል፣ ክፍቱ በሌላ በኩል ወዲያው ብቅ ይላል፣ እዚህ ጋ ስደርስ እኔ ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ ሳየው ነበር።

ደረጃ 5፦ ስም አወጣጥ

ጌሙ ምን አስፋልት ምን ሳር እንደሆነ የሚያውቀው በስሙ ነው። ስሞቹ ሁሉ በላቲን ካፒታል ሌተር ነው የሚጻፉት። የሚነዳበት ሜሽ ከፊቱ 1 ቁጥር ይኖረዋል፣ ከዛ ያለ ክፍተት ሮድ፣ ለሳሩ 1 ግራስ፣ ለአጥሩ 1 ዎል። ከፊቱ ቁጥር የሌለው ነገር ይታያል እንጂ አይነካም፣ መኪናው ያልፈዋል። ጎማው መሬቱን ምን ያህል እንደሚይዝ የሚወሰነው ዳታ ፎልደር ውስጥ ባለችው ሰርፌስስ ፋይል ነው፣ እኔ አስፋልቱን 0.98 ሳሩን 0.6 ነው ያልኩት።

ከዛ ኤምፕቲዎቹ (ቅርጽ የሌላቸው የቦታ ምልክቶች)። ኤሲ፣ ፒት፣ 0 በአንደርስኮር ተያይዞ (AC_PIT_0) መኪናው የሚቆምበት ነው፣ ኤሲ፣ ስታርት፣ 0 ደግሞ መነሻው። የኛ መንገድ ዙር ስላልሆነ ለሰዓት መያዣው መነሻው ላይ ኤሲ፣ ኤቢ፣ ስታርት ብላችሁ በስሙ መጨረሻ ኤል እና አር (ግራና ቀኝ)፣ መድረሻው ላይም እንደዛው ፊኒሽ ብላችሁ ሁለት ታደርጋላችሁ። ኤምፕቲዎቹን ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ የዋይ ቀስት ወደ ሰማይ የዚ ቀስት ወደ መሄጃው ይይ። ይሄን ካሳታችሁ መኪናው ተገልብጦ ወይ ወደ ገደሉ ዞሮ ይጀምራል።

ደረጃ 6፦ ግራጫውን ንዱት

ቴክስቸር የለም፣ ዛፍ የለም፣ ምንም የለም፣ ኤክስፖርት አድርጉ። መጀመሪያ ሁሉንም መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤ ተጫኑና ስኬሉን አፕላይ አድርጉ፣ ፌስ ኦሪየንቴሽንን አብሩ፣ መንገዱ ከላይ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቀይ ከሆነ ፊቱ ወደ ታች ነው፣ መኪናው ይሰምጣል። ኤፍቢኤክስ (የ3ዲ ፋይል) አውጥታችሁ ኬኤስ ኤዲተር ላይ ክፈቱት፣ ኬኤን 5 (ጌሙ የሚያነበው ፋይል) አድርጋችሁ ትራኮች ያሉበት ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ፣ የፎልደሩና የፋይሉ ስም አንድ ይሁን። መንገዱ መቶ እጥፍ ትልቅ ወይ ትንሽ ሆኖ ከመጣ ሜትርና ሴንቲሜትር ተምታቶ ነው፣ ኤክስፖርቱ ላይ ስኬሉን አስተካክሉ። አንድ ሜሽ ከ65,535 ቨርቴክስ (ነጥብ) ማለፍ አይችልም፣ ስለዚህ መሬቱን ቀድማችሁ ቆራርጡት።

ከዛ ንዱት፣ አስር ጊዜ ወደ ታች አስር ጊዜ ወደ ላይ፣ በደካማ መኪና። ፈጣን መኪና ስህተት ይሸፍናል። የሚያስጠላችሁን ቦታ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከርቩን አስተካክሉ፣ ደግሞ ኤክስፖርት። እኔ ይሄን አስራ አራት ጊዜ ነው ያደረግኩት፣ ቴክስቸር አልብሼው ቢሆን ኖሮ አንዱንም ለማስተካከል አንጀቴ አይጨክንም ነበር፣ የድሮዎቹ ትራኮቼ ሁሉ ቆንጆ ሆነው ለመንዳት የማይመቹት ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ማልበስ

ቴክስቸሮቹን ዲዲኤስ (ጌሙ የሚጠቀምበት የምስል ፋይል) አድርጋችሁ ከኤፍቢኤክሱ ጎን ቴክስቸር የሚል ፎልደር ውስጥ አስገቡ፣ መጠናቸው 1024 ወይ 2048 ይሁን። ዓባይ ላይ ድንጋዩ እንደ ከፍታው ይለያያል፣ ከላይ አፋፉ ጥቁር ባዛልት ነው፣ ወደ መሃል ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ወደ ወንዙ ስትጠጉ ቀላ ያለ አሸዋማ ድንጋይ፣ ስለዚህ የቆረጣችሁት ሁለት ኪሎሜትር የት ጋ እንደሆነ እዩና እሱን ቀለም አልብሱት። ከቁጥቋጦና ከግራር ውጪ ብዙ ዛፍ አትከምሩ፣ ገደሉ ባዶ ሲሆን ነው የሚያስፈራው። ለዛፎቹ ኬኤስ ትሪ የሚለውን ሼደር ስጧቸው።

ማቴሪያሎቹን አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ኬኤስ ኤዲተር ላይ ሴቭ ፐርሲስተንስ የሚለውን ተጫኑ፣ አትርሱ! ካልተጫናችሁት በሚቀጥለው ኤክስፖርት ሁሉም ይጠፋል፣ እኔ የአንድ ሙሉ ቅዳሜ ስራ በዛ ሄዶብኛል።

ደረጃ 8፦ ለሰው ስጡት

ፎልደሩን ዚፕ አድርጋችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጫኑት፣ የጎደለ ቴክስቸር ካለ እዛ ይታያል። ከዛ ጓደኛችሁን አስቀምጡና ምንም ሳትነግሩት ይንዳው፣ እናንተ ከኋላው ቆማችሁ እግሩን እዩ። የኔ ጓደኛ ልጅነቱን ደብረ ማርቆስ ነው ያሳለፈው፣ መንገዱን በአውቶቡስ ብዙ ጊዜ ሄዶበታል፣ ሶስተኛው ጥምዝ ላይ ሁልጊዜ አርፍዶ ነበር ብሬክ የሚይዘው። ችግሩ እሱ አልነበረም፣ የተቆረጠውን ገደል በጣም ወደ መንገዱ አስጠግቼው ጥምዙን ከልሎት ነበር። ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ገፋሁት፣ አንድ የድንጋይ ምልክት ውጪኛው ጠርዝ ላይ አቆምኩ፣ ደግሜ ኤክስፖርት አደረግኩና መልሼ ወንበሩን ሰጠሁት።