ሂቢስከሳችሁ አላብብ ካለ ማዳበሪያ ከመጨመራችሁ በፊት ስሩን እዩ

ሂቢስከስ ሲከሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያረገው ማዳበሪያ መፈለግ ነው፣ ከዛ ዳፕ ወይ ዩሪያ በእፍኝ ይበተንበታል፣ ከዛ ወይ ይብስበታል ወይ ደሞ ቅጠል ብቻ ሆኖ አበባ የሚባል ነገር አይታይበትም። እባካችሁ የታመመ ተክል ላይ ማዳበሪያ አትጨምሩ፣ ቅድሚያ ስሩንና የቆመበትን ቦታ እዩለት፣ ብዙ ግዜ ችግሩ እዛ ነው ያለው። የማወራው ስለ ተለመደው የግቢ ሂቢስከስ ነው፣ ያ ትልልቅ ቀይ አበባ የሚያወጣው፣ አጥር ስር የሚተከለው።

በመጀመሪያ በህይወት መኖሩን አረጋግጡ። ቅጠሉ ረግፎ እንጨት ብቻ ስለቀረ ሞቷል ተብሎ የሚነቀል ስንት ደህና ተክል አለ መሰላችሁ። ቅርንጫፉን በጥፍራችሁ ትንሽ ፋቅ አርጉት፣ ከቡናማው ልጥ ስር እርጥብ አረንጓዴ ከታያችሁ አለ ማለት ነው፣ ደረቅና ቡናማ ከሆነ ያ ቅርንጫፍ አልቆለታል፣ እየፋቃችሁ ወደ ታች ውረዱ፣ አረንጓዴው የጀመረበት ቦታ ላይ ትቆርጡታላችሁ። ግንዱ መሬቱ ጋ አረንጓዴ ከሆነ ከዛ ያቆጠቁጣል፣ ተስፋ አትቁረጡ።

ቀጥሎ ፀሀይ። በቀን ቢያንስ 6 ሰአት ቀጥታ ፀሀይ ካላገኘ አያብብም፣ ወይ አንድ ሁለት አበባ አውጥቶ ያቆማል። አዲስ አበባ ውስጥ ደሞ ጎረቤት ፎቅ ሲሰራ ድሮ ሲያብብ የነበረ ተክል ድንገት ዝም ይላል፣ ሰው ግን ውሃ አነሰው ብሎ ያጠጣዋል። ጥላ ውስጥ ከሆነ ምንም ብታረጉለት ዋጋ የለውም፣ አንሱትና ሌላ ቦታ ትከሉት።

አሁን ወደ አፈሩ፣ እዚ ላይ ረጋ በሉ። የከተማ ግቢ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሁሉም ነገር በሲሚንቶ ወይ በንጣፍ ተሸፍኖ አጥሩ ስር ጠባብ መስመር ይተዋል፣ እሷ ውስጥ ደሞ ቤቱ ሲሰራ የተረፈ ፍርስራሽ፣ የልስን ጥራጊ፣ የብሎኬት ስባሪ ተሞልቶ ከላይ በትንሽ አፈር ይሸፈናል። ሂቢስከስ ትንሽ አሲዳማ አፈር ነው የሚወደው፣ ፒኤች (የአፈር አሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል) ከ6 እስከ 6.8 ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሲሚንቶና ኖራ ደሞ ይሄን ወደ ላይ ይወስደዋል፣ ያኔ አፈሩ ውስጥ ብረት ቢኖርም ስሩ መውሰድ አይችልም። ምልክቱ ግልፅ ነው፣ ጫፍ ላይ ያሉት አዳዲስ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፣ ቅጠሉ ላይ ያሉት ጅማቶች ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ፣ መረብ የተሳለባቸው ይመስላሉ። ቢጫ የሆኑት የታች ያረጁ ቅጠሎች ከሆኑና ወጥ ቢጫ ከሆኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ወይ ናይትሮጅን አንሶታል ወይ ውሃው በዝቷል። ሁለቱን አታምታቱ፣ መፍትሄያቸው አንድ አይደለም።

ፍርስራሽ ካለ ከስሩ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ አውጡት፣ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይ ኮምፖስት ከቀይ አፈር ጋር ደባልቃችሁ ሙሉት። የበሰለ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ትኩስ ፍግ ስሩን ያቃጥላል። አፈራችሁ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ደሞ ክረምት ላይ ውሃ ይይዝና ስሩን ያበሰብሰዋል፣ እንደዛ አይነት ቦታ ላይ ተክሉን ትንሽ ከፍ ያለ መደብ ላይ ማረግና ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) መቀላቀል በጣም ይጠቅማል፣ ሬድ አሽ ደሞ የግንባታ እቃ የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ አለ። ስሩ መበስበሱን ለማወቅ በጎን በኩል ቀስ ብላችሁ ቆፍሩ፣ ጤነኛ ስር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፣ የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ በጣት ሲጫኑት ይሟሟል፣ ይሸታልም። የበሰበሰውን በንፁህ መቀስ ቆርጣችሁ ውሃ በሚያሳልፍ አፈር መልሳችሁ ትከሉት፣ ከላይም ቅርንጫፉን ቀንሱለት፣ የቀረው ትንሽ ስር ያን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት አይችልም።

ውሃ ላይ ብዙ አላወራም። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፣ እርጥበት ካለ ተዉት፣ ከደረቀ ጠዋት ላይ እስኪጠግብ አጠጡ። በጋ ላይ መሬት ላይ ላለ በሳምንት 2 ወይ 3 ግዜ ጠለቅ አርጎ ማጠጣት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት ይሻላል፣ ቫዞ ውስጥ ያለ ግን ቶሎ ስለሚደርቅ በየቀኑ መታየት አለበት፣ ቫዞው ስሩ ላይ ቀዳዳ ከሌለው ደሞ ዛሬውኑ ብሱለት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ሰፈር ካላችሁ አትክልት ያጠባችሁበትን ውሃ መጠቀም ይቻላል፣ ጨው፣ በረኪና ወይ የልብስ ሳሙና የገባበትን ግን በፍፁም።

ብርድን አትርሱ። ሂቢስከስ የሞቃት አገር ተክል ነው፣ ለዛ ነው ሀዋሳ፣ ባህር ዳር፣ አርባ ምንጭ ላይ እንደዛ የሚፈነዳው። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይቆማል፣ ስለዚ አዲስ አበባ ላይ ህዳርና ታህሳስ ቅጠሉ ቢጫ ቢል፣ ቢያራግፍ አትደናገጡ፣ በዛን ሰአት ውሃ ቀንሱ፣ ማዳበሪያ አትንኩ፣ አትቁረጡም። ፀሀይ የሚያርፍበት ግድግዳ አጠገብ መትከል ለደጋ ሰው ጥሩ ነው፣ ግድግዳው ሙቀቱን ይዞ ያመሻል፣ ብቻ ስለ ሲሚንቶው ያልኳችሁን አስቡበትና ከግድግዳው ፈቀቅ አርጉት።

መቁረጥ። ሂቢስከስ የሚያብበው አዲስ በበቀለው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ካልተቆረጠ እየረዘመ ይሄዳል፣ አበባው ጫፍ ላይ ብቻ ይቀራል። ብርዱ ሲያልፍ፣ ጥር መጨረሻ ወይ የካቲት ላይ፣ ከቁመቱ ከሲሶ ያልበለጠ ቁረጡ፣ ወደ ውጪ ከሚያይ ቡቃያ በላይ ሰያፍ አርጋችሁ። ከዛ ሁለት ሶስት ወር አበባ ላታዩ ትችላላችሁ፣ ይሄን ሳያውቅ ተበሳጭቶ ደግሞ የሚቆርጥ ሰው ያወጣውን እምቡጥ ነው አብሮ የሚጥለው።

ማዳበሪያ እንግዲ አሁን ነው የሚመጣው፣ ተክሉ አዲስ ቅጠል ማውጣት ከጀመረ በኋላ። ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅንና 46 በመቶ ፎስፌት ነው፣ ፖታሽየም የለውም። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያም 19-38-7 ነው፣ 7ቱ ሰልፈር ነው እንጂ ፖታሽየም አይደለም። ሂቢስከስ ደሞ የሚፈልገው በተቃራኒው ነው፣ ፖታሽየም ከፍ ያለ፣ ናይትሮጅን መካከለኛ፣ ፎስፈረስ ዝቅ ያለ፣ ፎስፈረስ ሲበዛ ብረት እንዳይወስድ ያረገዋል። ለእህል የተሰራውን ለእህል ተዉለት። የግብርና ግብአት መሸጫዎች ጋ ስትሄዱ ኤንፒኬ (NPK) የሚል ከረጢት ላይ ሶስተኛውን ቁጥር እዩ፣ ፖታሽየሙ እሱ ነው። ከተፃፈው መጠን ግማሹን በውሃ በጥብጣችሁ፣ እርጥብ አፈር ላይ፣ በየ2 ሳምንቱ ይበቃል። አመድ ፖታሽየም አለው፣ ግን ፒኤች ስለሚጨምር ያ የመረብ ቅጠል ያለበት ላይ አታድርጉ። የቡና አተላ ኮምፖስት ውስጥ ይግባ፣ ስሩ ላይ ወፍራም አርጎ መከመር ግን ደርቆ ውሃ አያሳልፍም።

እምቡጥ አውጥቶ ሳይፈነዳ የሚያረግፍ ከሆነስ? አንዱ አበባ ፈንድቶ በማግስቱ ቢወድቅ ጤናው ነው፣ እድሜው አንድ ቀን ነው። ሳይፈነዳ ከወደቀ ግን አንድ ግዜ አድርቆ አንድ ግዜ ማጥለቅለቅ፣ ወይ ቫዞውን ከቦታ ቦታ ማዟዟር፣ ወይ ተባይ ነው። ድርብ አበባ ያላቸው አይነቶች ከነጠላው ይልቅ እምቡጥ ማራገፍ ይወዳሉ። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ቅጠሉን ገልብጡ፣ ክሽክሽ ወይ ያ ጥጥ የሚመስለው ነጭ ተባይ አለ፣ ጉንዳኑ የሚመጣው ለሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የእቃ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ፀሀይ ሲበርድ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር እርጩ፣ ጠዋት በንፁህ ውሃ እጠቡት፣ በሳምንቱ ድገሙት። ጥጥ መሳዩን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠርጎ ማንሳት ነው የሚያዋጣው።

ስትቆርጡ ደሞ የተቆረጠውን ሁሉ አትጣሉ። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ሙሉ በሙሉ እንጨት ያልሆነ ቅርንጫፍ መርጣችሁ፣ የላይኛውን ሁለት ቅጠል ብቻ ትታችሁ አሸዋና ኮምፖስት ውስጥ ሰክታችሁ፣ በተቆረጠ የሀይላንድ ጠርሙስ ሸፍናችሁ ጥላ ስር አስቀምጡ። ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ግዜ ውስጥ ስር ያወጣል፣ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት እምቢ ካለ ይዟል ማለት ነው። ዋናው ተክል ባይተርፍ እንኳን ያው አበባ ከዚህኛው ይቀጥላል።